ለደም ግፊት የታይላንድ ባሕታውያን እንቅስቃሴ፦ እንዴት ይሠራል?

ባንኮክ ውስጥ ዋት ፖ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ጎብኚው የሚጎርፈው 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ ለማየት ነው። ግቢው ውስጥ ግን ድንጋይ ክምር ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ሐውልቶችም አሉ። አንዱ እግሩን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ሌላው ወገቡን ጠምዝዟል። ባሕታውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1836 ንጉሥ ራማ ሦስተኛ 80 ዓይነት እንቅስቃሴ የሚያሳዩ ሐውልቶች እንዲሠሩ አዝዞ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው።

እንቅስቃሴው ሩሲ ዳት ቶን ይባላል፣ ባሕታዊ ራሱን ሲያፍታታ እንደ ማለት ነው። የታይላንድ ጤና ሚኒስቴር 15ቱን መሠረታዊ ብሎ ለሕዝብ ያስተምራል። ግፊት ላለበት ሰው ደስ የሚለው ዝግ ያለ መሆኑ ነው። መድኃኒት ግን አይተካም፤ ክኒኑን ማቋረጥ የለም። የእግር መንገድንም አይተካም። ጊዜ ያላችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ፈጠን ብሎ መራመዱ ይሻላል።

መጀመሪያ ተለኩ። መለኪያው ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሁን። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ይቀላል፤ ግን እጅ ትንሽ ዝቅና ከፍ ሲል ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ተለኩ። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ከአቦል እስከ በረካ ከሆነማ ለሌላ ሰዓት ይቆይ። የላይኛው ቁጥር 180፣ ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ የዛሬው እንቅስቃሴ ይቅርና ሐኪም አማክሩ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትንፋሽ። በባህላዊው አሠራር አየር ይሳባል፣ ሰውነት ይወጠራል፣ ውጥረቱ ላይ ትንፋሽ ለጥቂት ሰከንድ ይያዛል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ግፊት ላለበት ግን ይሄ መያዙ ነው ጣጣው። ትንፋሽ ታፍኖ ጡንቻ ሲወጠር ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የደም ግፊቱም በዚያች ቅጽበት ሽቅብ ይወጣል። ከባድ ጆንያ ሲያነሱ «እህህ» የሚያሰኘው ማማጥ ማለት ነው።

«ትንፋሽ አትያዙ» ማለት ደግሞ ቀላል ነው። ሰው ሳያውቀው ነው የሚይዘው። ምልክቱ ፊት ላይ ነው፦ ከንፈር ይገጥማል፣ አንገት ላይ ያሉት ጅማቶች ይገተራሉ፣ ትከሻ ጆሮ ሊነካ ይደርሳል። መፍትሔው አየር እየሳቡ መዘርጋት፣ ተዘርግተው ሳሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ከአንድ እስከ አምስት መቁጠር ነው። በልብ ሳይሆን በአፍ። እየተናገረ ትንፋሹን የሚያፍን ሰው የለም። ድምፃችሁ ከተቆራረጠ ከአቅም በላይ ተዘርግታችኋልና ላላ በሉ።

ይሄ ከገባ ሌላው ቀላል ነው። እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ፤ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ።

አንደኛ፣ ወንበር ወይም ምንጣፍ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። መዳፎቻችሁን ደረታችሁ ፊት ግጠሙ፣ ጣቶች ወደ ላይ። አየር እየሳባችሁ የተገጠሙትን እጆች ወደ ቀኝ ግፉ፣ እያስወጣችሁ ወደ መሃል መልሱ። በግራም እንዲሁ። ጭንቅላት አይንቀሳቀስ። መዳፎቹን አጥብቆ መጫን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ጣቶቻችሁን ቆላልፉና መዳፋችሁን ወደ ውጭ አዙራችሁ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ቀጥሎ ወደ ጎን፣ በመጨረሻ ከራስ በላይ። ከእንቅልፍ ሲነሱ መንጠራራት ነው፤ ታይላንዶቹም ስንፍና ማባረሪያ ይሉታል።

ሦስተኛ፣ በጀርባ ተኙ። አየር እየሳባችሁ ክንዶቻችሁን ከራስ በላይ ዘርጉ፣ እያስወጣችሁ ወደ ጎናችሁ መልሱ። ሆድ ከፍ ሲል ካላያችሁ የምትተነፍሱት በደረት ብቻ ነው፤ አንድ እጅ እምብርት ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

በሆድ ተኝቶ ጀርባን ወደ ኋላ የሚቀለብሰውንና እግር እያነሱ የሚሠራውን ለጊዜው ተዉት። ዩቲዩብ ላይ ሙዚቃ እየተከፈተ በጥድፊያ የሚሠራውንም እንዲሁ። ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበት ማንኛውም ነገር አይሞከር።

ሲጨርሱ ዘሎ መነሳት የለም። በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ሊያዞረው ይችላል። በጎን ተገልበጡ፣ ክንዳችሁን ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ቁሙ። ለውጥ አለ ወይ ብላችሁ ወዲያው አትለኩ፤ በየዕለቱ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉና ለሐኪሙ አሳዩት። እንቅስቃሴው መሃል ላይ ደረት ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን አቁሙ፤ ይሻለኛል ብላችሁ ሳትጠብቁ ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ።