15 ቁጥሩን መከተል፦ ከሊሊያን ቱራም የተጫዋችነት ዘመን መከላከልን እንዴት መማር ይቻላል?

አንድን አጥቂ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ጎሎቹን ሰብስቦ ቢመለከት ብዙ ነገር ያገኛል። ተከላካይን ግን በዚህ መንገድ ማጥናት አይቻልም፤ አጥቂው ሳይደርስበት የቀረው ኳስ፣ አማካዩ ሊያቀብል አስቦ የተወው ቅብብል፣ ክፍት መስሎ የነበረና በአንድ እርምጃ የተዘጋ ቦታ በጎሎች ቅንጭብ ውስጥ አይገኙም። በዚህ የተነሳ ብዙ ታዳጊዎች መከላከልን የሚማሩት ለዓይን ከሚታየው ሸርተቴና ግጭት ይሆንና፣ ጥሩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ ኳሱ ካለፋቸው በኋላ የሚያሳድዱ ተጫዋቾች ሆነው ያድጋሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ታዳጊዎችን ለሚያሰለጥኑ፣ እንዲሁም በተከላካይ ቦታ ለሚጫወቱና አንድን ታላቅ ተከላካይ በሥርዓት ተመልክተው ከእሱ መማር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

ለዚህ ሥራ የመረጥሁት ፈረንሳዊውን ሊሊያን ቱራምን ነው። ምርጫው ከዝናው የመጣ ብቻ አይደለም። ቱራም በቀኝ መስመርም በመሀል ተከላካይነትም በከፍተኛ ደረጃ ተጫውቷል፤ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ሊጎች አልፏል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም 142 ጊዜ ተሰልፎ፣ ይህ ቁጥር በ2022 የዓለም ዋንጫ በግብ ጠባቂው ሁጎ ሎሪስ እስኪታለፍ ድረስ በፈረንሳይ ወንዶች ቡድን ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ግን፣ በእሱ የተጫዋችነት ዘመን ውስጥ የአንድ ተከላካይ ስህተትና የስህተቱ እርማት በአንድ ደቂቃ ልዩነት የታዩበት ጨዋታ አለ። መከላከልን ለማስተማር ከዚያ ጨዋታ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ወደ ጨዋታው ከመግባት በፊት የተጫዋቹን መንገድ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። ቱራም የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በፈረንሳይ ግዛት በሆነችው የካሪቢያን ደሴት በጓዴሉፕ ሲሆን፣ በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የፎንቴንብሎ አካባቢ አደገ። በአርሴን ቬንገር ይሠለጥን በነበረው ሞናኮ ወደ ዋናው ቡድን ከገባ በኋላ በ1996 ወደ ፓርማ፣ በ2001 ወደ ዩቬንቱስ፣ በ2006 ደግሞ ወደ ባርሴሎና ተዛወረ። ለፈረንሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በኦገስት 1994 ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር 2 ለ 2 በተጠናቀቀው ጨዋታ ነበር፤ ዚነዲን ዚዳንም ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት የጀመረው በዚያው ዕለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው እርምጃ የጁላይ 8 ቀን 1998 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜን፣ ማለትም ፈረንሳይና ክሮኤሺያ በስታድ ደ ፍራንስ ያደረጉትን ጨዋታ፣ ሙሉውን 90 ደቂቃ ማግኘት ነው። የጎሎቹ ቅንጭብ አይበቃም። ጨዋታውን ለሦስት ጊዜ ለመመልከት ጊዜ ይመድቡ። በመጀመሪያው ዙር እንደማንኛውም ተመልካች ኳሱን ይከተሉ፤ ማን እንዳጠቃ፣ ማን እንደተዳከመ፣ ጨዋታው የት የት ቦታ እንደከበደ ይወቁ። በሁለተኛው ዙር ኳሱን ይተዉትና በቀኝ መስመር ተከላካይነት የተሰለፈውን 15 ቁጥር ለባሽ ብቻ ይመልከቱ። ይህ ለመናገር ቀላል ቢሆንም ለማድረግ ከባድ ነው፤ ዓይን በልማድ ወደ ኳሱ ይሄዳልና። ለታዳጊዎች የሚያሳይ አሰልጣኝ ከሆኑ በየአምስት ደቂቃው ቪዲዮውን አቁመው፣ «15 ቁጥር አሁን የት ነው ያለው? ለምን እዚያ ቆመ?» ብለው ይጠይቁ።

በዚህ በሁለተኛው ዙር በወረቀት ላይ ሊመዘገቡ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው በእሱና በቅርቡ ባለው የመሀል ተከላካይ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ኳሱ በተቃራኒው መስመር ሲሆን ምን ያህል ወደ መሀል እንደሚጠጋ፣ ወደ እሱ መስመር ሲመጣ ደግሞ መቼ ወጥቶ እንደሚገጥም ያስተውሉ። ሁለተኛው የሰውነቱ አቋም ነው፤ ጥሩ ተከላካይ ለኳሱ ሙሉ ደረቱን ሰጥቶ አይቆምም፤ ኳሱንም የሚጠብቀውን ሰውም በአንድ ጊዜ ማየት እንዲችል ሰውነቱን በከፊል ወደ ጎን አዙሮ ይቆማል። ሦስተኛው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የሚያዞርበት ጊዜ ነው። ካሜራው ሁልጊዜ እሱን ስለማያሳይ የሚመዘገበው ነገር ሙሉ አይሆንም፤ ቢሆንም የተገኘው ያህል ሲሰበሰብ ከኳሱ በስተጀርባ ሌላ ጨዋታ እንዳለ በግልጽ ይታያል።

ሦስተኛው ዙር ለሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ በትዕግሥት መሠራት ያለበትም ይህ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል ተጠናቅቆ ቡድኖቹ ከእረፍት እንደተመለሱ፣ የክሮኤሺያው አማካይ አሳኖቪች ከፈረንሳይ ተከላካዮች ጀርባ የላከውን ኳስ የቡድን ጓደኛው አጥቂው ዳቮር ሹከር ተቀብሎ አስቆጠረ። ኳሱ ከአሳኖቪች እግር በተነሣበት ቅጽበት ቪዲዮውን ያቁሙ። ሌሎቹ ተከላካዮች ወደፊት ወጥተው መስመራቸውን ሲይዙ ቱራም ከእነሱ ኋላ ቀርቷል። ሹከርን ከኦፍሳይድ፣ ማለትም ኳሱ ሲላክ ከተከላካዮቹ መስመር አልፎ ከመገኘት ጥፋት፣ ያዳነው ይኸው ነው። ስህተቱ የጉልበት ወይም የፍጥነት ሳይሆን የአንድ እርምጃና የአንድ እይታ ነበር። ታዳጊዎች ይህንን ምስል ለረጅም ጊዜ እንዲያዩት ያድርጉ፤ ምክንያቱም በየሜዳው የምናየው ብዙ ጎል የሚቆጠረው በዚህ ዓይነት መዘግየት ነው፤ ተወቃሹ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የተሮጠበት ተከላካይ ይሆናል።

ቪዲዮውን እንደገና ያስጀምሩትና የሚቀጥለውን አንድ ደቂቃ ይመልከቱ። አንድ የቀኝ መስመር ተከላካይ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ በራሱ ስህተት ጎል ከተቆጠረበት በኋላ ቦታውን ይዞ መቆየት፣ ቀላሉን ኳስ ብቻ መጫወት፣ ኃላፊነት ለሌላ መተው ይቀናዋል። ቱራም ግን ወደፊት ወጣ። የክሮኤሺያው አማካይ ዝቮኒሚር ቦባን በራሱ የግብ ክልል አቅራቢያ ኳሱን ይዞ ሲዘገይ ቱራም ደርሶ ነጠቀው፤ ለቡድን ጓደኛው ለዩሪ ጆርካየፍ አቀብሎ ሩጫውን ሳያቋርጥ መልሶ ተቀበለና አስቆጠረ። እዚህ ላይም ቪዲዮውን ቦባን ኳሱን በተቀበለበት ቅጽበት ማቆም ያስፈልጋል። ነጠቃው የተጀመረው እግሮቹ ከመገናኘታቸው በፊት ነው፤ ቱራም ቦባን ፊቱን ወዴት እንዳዞረና በአቅራቢያው የሚቀበለው ሰው እንደሌለ አይቶ ነበር የተንቀሳቀሰው። በ70ኛው ደቂቃ አካባቢ ደግሞ ከክሮኤሺያው ሮበርት ያርኒ ጋር ታግሎ ያገኘውን ኳስ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ አካባቢ በግራ እግሩ መትቶ ሁለተኛውን አገባ። ከዚያ በኋላ ተንበርክኮ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ የታየበት ምስል እስከ ዛሬ ይታወሳል። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ፤ ፈረንሳይ ከአራት ቀን በኋላ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ቱራም በ142 ጨዋታዎች ለአገሩ ያስቆጠራቸው ጎሎች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ስለ ጎሎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው በሹከር ጎልና በቱራም የመጀመሪያ ጎል መካከል ያለው ጊዜ ነው። ታዳጊዎችን በማሠለጥንበት ጊዜ አንድ ልጅ ሲሳሳት ጨዋታውን በፊሽካ አቁሜ ስህተቱን እዚያው አስረዳው ነበር፤ ጥሩ ማስተማሪያ ይመስለኝ ነበር። ያስተዋልሁት ግን ልጁ ከዚያ በኋላ ለቀሪው ጊዜ ኳስ መፍራቱን ነበር። ስለዚህ ልማዴን ቀየርሁ፤ ስህተት ሲሠራ ጨዋታው እንዲቀጥል አድርጌ፣ ልጁ በቀጣዮቹ ሁለት ደቂቃዎች የሚያደርገውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ስለ ስህተቱም ስለ እርማቱም የምንነጋገረው ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህንን ዘዴ ለማንኛውም አሰልጣኝ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

የተመለከቱትን ወደ ሜዳ ለማውረድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መስመር ጠብቆ መውጣትንና መመለስን ለማስተማር አራት ተከላካዮች አንድ ረጅም ገመድ እኩል ርቀት ላይ ቆመው ይያዙ፤ አሰልጣኙ ከፊታቸው ኳሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅስ ገመዱ ሳይረግብና ሳይወጠር አብረው ይንቀሳቀሱ። የኳሱ ያዥ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ሲያዞር አራቱም በአንድ ድምፅ ይውጡ፤ ቀና ብሎ ረጅም ለመምታት ሲዘጋጅ ደግሞ አብረው ይመለሱ። አንዱ ከዘገየ ገመዱ ወዲያው ያሳብቃል፤ የአሰልጣኝ ንግግርም አያስፈልግም። ገመዱን በሚቀጥለው ሳምንት አውጥታችሁ ያለ ገመድ ድገሙት። ወደ ኋላ መመልከትን ለማስለመድ ደግሞ ተከላካዩ ኳስ ሲጠብቅ ከጀርባው አንድ ጓደኛው ጣቶቹን ያንሣ፤ ተከላካዩ ኳሱ እግሩ ከመድረሱ በፊት የጣቶቹን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ኳሱ ያመልጣቸዋል፤ ተስፋ ሳይቆርጡ መደጋገም ነው።

የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ቦታ ነው። ቱራም በ1998 የፈረንሳይ ቡድን በቀኝ መስመር ሲሰለፍ መሀሉን ማርሴል ዴሳይና ሎራን ብላን፣ ግራውን ቢሴንቴ ሊዛራዙ ይዘውት ነበር፤ ቡድኑ በሰባት ጨዋታዎች ያስተናገደው ሁለት ጎል ብቻ ነው። በፓርማ ግን ከፋቢዮ ካናቫሮ ጋር በመሀልም ተጫውቷል፤ ከኋላቸው ወጣቱ ጂያንሉዊጂ ቡፎን ነበር። ያ ቡድን በ1999 የጣሊያን ዋንጫንና ማርሴይን በሞስኮ 3 ለ 0 በማሸነፍ የዩኤፋ ዋንጫን ወስዷል። ስለዚህ የመስመር ተከላካይ የሆነ ታዳጊ ቢያንስ በልምምድ ጨዋታ መሀል ላይ፣ የመሀሉም መስመር ላይ እንዲሰለፍ ማድረግ ይገባል። መሀል የተጫወተ የመስመር ተከላካይ ኳሱ ከሩቅ ሲመጣ ጓደኛው ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ይህ ዕውቀት በተለይ የሚጠቅመው ዕድሜ ሲገፋና ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ቱራም ከ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አግልሎ፣ በ2005 ከዚዳንና ከማኬሌሌ ጋር ተመለሰ። በ2006 የዓለም ዋንጫ በ34 ዓመቱ ከዊሊያም ጋላስ ጋር በመሀል ተሰልፎ ፈረንሳይን እስከ በርሊኑ ፍጻሜ አድርሷል፤ በዚያም ጣሊያን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። የ1998ቱን ጨዋታ ያጠና ሰው ቀጥሎ በ2006 ፈረንሳይ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ግማሽ ፍጻሜ ቢመለከት፣ ያው ተጫዋች በስምንት ዓመት ልዩነት የቀነሰውን ፍጥነቱን በምን እንደተካ ያያል፤ ሩጫው አጥሯል፣ ቀድሞ የመድረስ ልማዱ ግን አብሮት አለ።

በመጨረሻ አሰልጣኝና ቤተሰብ ሊዘነጉት የማይገባ ጉዳይ አለ። ቱራም በ2008 ባርሴሎናን ለቆ ወደ ፓሪስ ሳን ዠርማ ሊዛወር በተዘጋጀበት ጊዜ በተደረገለት የሕክምና ምርመራ የልብ ችግር ተገኘበት፤ ወንድሙም በልብ ችግር ሕይወቱን አጥቶ ስለነበር፣ በ36 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ምርመራው ባይደረግ ኖሮ ችግሩ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ታዳጊዎችን የሚመዘግብ ማንኛውም አሰልጣኝ ስምና ዕድሜ ሲጽፍ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ? ልጁስ ሲሮጥ ራሱን ስቶ፣ ደረቱን አሞት ወይም ልቡ ከልክ በላይ መትቶበት ያውቃል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ልጁ ሐኪም አይቶት የልብ ምርመራ ሳያደርግ ወደ ልምምድ አይግባ። በልምምድ መሀል ራሱን ስቶ የወደቀ ተጫዋችም፣ ወዲያው ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ፣ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ ሊመለስ አይገባም፤ አሰልጣኙ ለወላጆቹ ደውሎ ወደ ሕክምና እንዲወሰድ ያድርግ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ድረስ መለያውን አይስጠው።