‹ቲዝ› ወይስ ‹ሞክ›? ተረቡን ከፌዙ መለየት

የእንግሊዝኛዎቹ ‹ቲዝ› (tease) እና ‹ሞክ› (mock) የሚምታቱት ሁለቱንም «አሾፈ» ብለን ስለምንፈታቸው ነው።

ፒያሳ፣ ማኪያቶ ቀርቧል፤ ጓደኛችሁ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። «ቆራጩ መብራት ጠፍቶበት ነው?» አላችሁት። ሳቀና በፈንታው ጫማችሁን ተረበ። ይሄ ‹ቲዝ› ነው፤ የተተረበው ሰው ራሱ ሳቁ ውስጥ አለ፣ መልስም ይመልሳል። ያው ልጅ ከክፍለ ሀገር ባመጣው አነጋገር ቡና ሲያዝ፣ ጎን ያለው ጠረጴዛ አፉን አጣሞ ቃሉን ቢደግምበትና ቢንከተከት ግን ‹ሞክ› ነው፤ የአራዳ ልጅ «ሙድ ያዙበት» የሚለው። ንቀት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ማስመሰል።

‹ቲዝ› በጥንቱ እንግሊዝኛ ሱፍ ማፍታታት ነበር። ጥጥ ሲባዘት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ በጣት ሳብ፣ ለቀቅ።

አሰካኩ ላይ ነው ብዙው ስህተት። ከ‹ቲዝ› ቀጥሎ ሰው ይመጣል፣ ምክንያቱ በ‹አባውት› ይከተላል፦ «ዘይ ቲዝድ ሚ አባውት ማይ ሄር»። ‹ሚ አባውት›ን ዘልላችሁ «ዘይ ቲዝድ ማይ ሄር» ካላችሁ ግን ፀጉር ቤት ገባችሁ፤ ፀጉሬን ወደ ሥሩ እያበጠሩ አቆሙት ማለት ነው። ‹ሞክ› ሰውንም ነገርንም በቀጥታ ይይዛል፦ «ሂ ሞክድ ማይ አክሰንት»።

«አሾፈብኝ» ውስጥ ያለችው «ብ» ደግሞ «ቲዝድ ኦን ሚ»፣ «ሞክድ ኦን ሚ» ታሰኛለች። ‹ኦን› አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩን ስትሠሩ «አሾፈብኝ»ን ትታችሁ «ተረበኝ»ን አስቡ፤ እሱም «ብ» የለውም።

ሰው ከተቀየመ «አይ ዋዝ ጀስት ቲዚንግ» ያስታርቃል፤ «ቀልዴን ነው» እንደማለት። በቦታው ‹ሞኪንግ› ብትሉ ጥፋቱን አመናችሁ።

‹ቲዝ› ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት ግን አይደለም። ተማሪ ቤት ብዙዎች አንዱን በየቀኑ ሲያበሽቁትም ቃሉ ያው ነው፤ አጠገቡ ያለው ‹ጀንትሊ› (በገርነት) ነው ወይስ ‹ክሩኤሊ› (በጭካኔ) የሚለውን እዩ። ሴትን «ሺ ኢዝ አ ቲዝ» ማለት ደግሞ ወሲባዊ ስድብ ስለሚሆን አትሞክሩት።

‹ሞክ ኤግዛም› ላይ ፌዝ የለም። ማስመሰሉ ብቻ ነው የቀረው፦ የኛው ሞዴል ፈተና።