የቼይንሶው ስፕሮኬት፦ መቼ ይቀየራል? የትኛው ይገጠማል?

ለቼይንሶው (በሞተር ለሚሠራው የሰንሰለት መጋዝ) አዲስ ሰንሰለት ገዝቶ ባለቀ ስፕሮኬት ላይ ማሰር ገንዘብን ማባከን ነው። ስፕሮኬቱ ከፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከሰንሰለቱ ጋር ከሚያገናኘው ክፍል) ታምቡር ጋር እየዞረ ሰንሰለቱን የሚነዳው ባለጥርስ ብረት ነው። ከሰንሰለቱ ሆድ ወጥተው በባሩ (ሰንሰለቱ በሚዞርበት ረጅም ብረት) ቦይ ውስጥ የሚሄዱት ምላሶች በጥርሶቹ መካከል እየገቡ ይነዳሉ፤ ስለዚህ ሰንሰለቱና ስፕሮኬቱ አብረው ይበላሉ። ሰንሰለቱ ሲሠራ በሪቬቶቹ (የሰንሰለቱን ክፍሎች በሚያያይዙት ምስማሮች) መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ስፕሮኬቱም በዚያው ልክ ይቦረቦራል። እዚያ ላይ አዲስ ሰንሰለት ሲታሰር ልኩ ከተቦረቦረው ጥርስ ጋር አይገጥምም። ሰንሰለቱ ቶሎ ይረዝማል፣ በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፣ የምላሶቹ ጠርዝም ይገጣጠባል።

የተለመደው ደንብ ሁለት ሰንሰለት ሲያልቅ ስፕሮኬቱን መቀየር ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር ጥርሶቹን ማየት ይገባል። ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ላይ የተቆፈረው መስመር ጥልቀቱ 0.5 ሚሊሜትር ከደረሰ ጊዜው አልቋል። ካሊፐር ከሌለ ጥፍርዎን በመስመሩ ላይ ያሳልፉ፤ ጠርዙ ጥፍሩን አንቆ ከያዘው ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። በጣም ጥሩ የሚሆነው አንድ ስፕሮኬት ከሁለት ሰንሰለት ጋር ገዝቶ ሰንሰለቶቹን እያፈራረቁ መሥራት ነው። ሦስቱም እኩል ስለሚበሉ አንዱ ሌላውን አያበላሸውም።

የትኛው ይገዛ?

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጥርሱ ከታምቡሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ሲያልቅ ታምቡሩ በሙሉ ይቀየራል። ሁለተኛው በታምቡሩ አንገት ላይ ባሉት ጎድጓዳ መስመሮች የሚሰካ ቀለበት ነው፤ ሲያልቅ ቀለበቱ ብቻ ይወጣል። ቀለበቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ትንሽ ስለሚንሸራተት ከባሩ ቦይ ጋር ራሱን ያስተካክላል። አብዝቶ ለሚሠራ ሰው ቀለበቱ ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ይቀየራል። ቀለበት ሲገዙ የውስጥ ቀዳዳው መጠን ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘው ሄደው ያስተያዩ።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ፒች፣ ማለትም በሰንሰለቱ ሪቬቶች መካከል ያለው አማካይ ርቀት ነው። ፒቹ ብዙ ጊዜ ባሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከጠፋ ሦስት ተከታታይ ሪቬቶችን ይዘው ከመጀመሪያው መሃል እስከ ሦስተኛው መሃል ይለኩና ለሁለት ያካፍሉ። ከማካፈልዎ በፊት 12.7 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ 1/4 ኢንች ነው፤ 16.5 ከሆነ 0.325፤ 18.6 ከሆነ 3/8፤ 20.5 ከሆነ 0.404። ያረጀ ሰንሰለት ትንሽ አስረዝሞ ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 3/8 ሁለት ዓይነት ነው፦ በትናንሽ መጋዞች ላይ የሚገጠመው ዝቅተኛው እና መደበኛው። ሪቬቶቹ ሲለኩ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፣ የሰንሰለቱ ቅርጽ ግን ስለሚለያይ ስፕሮኬታቸውም የተለያየ ነው። «3/8 ስጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስፕሮኬቱ፣ ሰንሰለቱና በባሩ አፍንጫ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ ሦስቱም አንድ ፒች መሆን አለባቸው።

የጥርሱ ብዛት ፍጥነትን ይወስናል። ስፕሮኬቱ አንድ ዙር ሲዞር በጥርሱ ቁጥር ልክ ምላሶች ያልፋሉ። በ3/8 ሰንሰለት ባለ 7 ጥርሱ በአንድ ዙር 130 ሚሊሜትር ያህል ይነዳል፤ ሞተሩ በደቂቃ 10,000 ዙር ሲዞር ሰንሰለቱ በሰከንድ 22 ሜትር ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። ወደ 8 ጥርስ ሲወጣ ፍጥነቱ 14 በመቶ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአጭር ባርና በለስላሳ እንጨት ላይ ይጠቅማል፤ በረጅም ባር ጠንካራ እንጨት ከተቆረጠ ግን ሞተሩ ይታፈናል። ጥርስ ሲጨመር ሰንሰለቱ ሊያጥርም ይችላል። የተለየ ምክንያት ከሌለ አምራቹ ያስቀመጠውን ቁጥር መያዝ ይሻላል።

አወጣጥ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላው ክዳን ይነቀል፣ ጓንት ይደረግ። የሰንሰለቱን ፍሬን ወደ ኋላ ስበው ይልቀቁ፤ ፍሬኑ ከተያዘ ቀበቶው ታምቡሩን አንቆ ስለሚይዘው አይወጣም። የሽፋኑን ዳዶዎች ፈትተው ሽፋኑን፣ ሰንሰለቱንና ባሩን ያውጡ፤ ዘይት የጠጣውን ብናኝ በብሩሽ ይጥረጉ።

ስፕሮኬቱ ከውጭ በኩል ከታየ ሥራው ቀላል ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለውን ትንሽ ክሊፕ በካቻቢቴ ይፈንቅሉት፤ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ በሌላ እጅዎ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሮንዴላው ይወጣል፣ ከዚያ ቀለበቱ፣ ካስፈለገም ታምቡሩ ይከተላል።

ፍሪሲዮኑ ከውጭ፣ ስፕሮኬቱ ከኋላው ከሆነ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት። ካንዴላውን ያውጡ፣ ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ከደፈነ በኋላ ንጹሕ የናይለን ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ ያስገቡ፤ ጫፉ ውጭ ይቅር። ገመዱ ፒስቶኑን ያግደዋል። ቀድመው ካስገቡት በጭስ መውጫው ገብቶ ይቆረጣል። በገመዱ ፈንታ ካቻቢቴ ማስገባት ፒስቶኑን ይበሳል። ፍሪሲዮኑ የግራ ጥርስ ስላለው የሚፈታው ወደ ቀኝ፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ብዙዎቹ ላይ ቀስት ተቀርጿል፤ ካላዩትና በልማድ ወደ ግራ ከታገሉ ይበልጥ ያጠብቁታል።

ታምቡሩ ሲወጣ

ውስጡን ይመልከቱ። በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የፍሬኑ ቀበቶ በውጭ በኩል ቦይ የቆፈረበት ታምቡር አይመለስም። ከውስጡ ያለውን የመርፌ ኩሺኔታ አጥበው፣ አድርቀው፣ ትንሽ ግራሶ ይቀቡት። ግራሶው ከበዛ ወደ ፍሪሲዮኑ ጫማ ተረጭቶ ያንሸራትተዋል። ኩሺኔታው ከደረቀ ደግሞ ታምቡሩ ከዘንጉ ጋር ተይዞ ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) እያለ ሰንሰለቱን ያዞራል፤ ይህ ሰው የሚቆርጥ ብልሽት ነው።

በመግጠም ጊዜ በጣም የሚረሳው የዘይት ፓምፑ ነው። በብዙ መጋዞች ላይ ከታምቡሩ በስተኋላ ያለ ትንሽ ስንጥቅ የፓምፑን ሽቦ ይይዛል። ታምቡሩን እየተጫኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ያዟዙሩት፤ ሽቦው ስንጥቁን ሲያገኝ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ይሰማዎታል። ሮንዴላውና ክሊፑ ቦታ ካጡ ሽቦው አልገባም ማለት ነው። በግድ ከተጫኑት ሽቦው ይታጠፋል፣ ባሩም ያለ ዘይት ይቃጠላል።

ቀለበቱ ቀድሞ በነበረበት አቅጣጫ ይግባ፤ ስለዚህ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። ክሊፑ ከላላ በአዲስ ይተኩት።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ሰንሰለቱን በእጅ ይሳቡት፤ ሳይነክስ መዞር አለበት። ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ ይተዉት፦ ሰንሰለቱ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ ሚኒሞውን ይቀንሱ፤ ካልቆመ ታምቡሩን እንደገና ያውጡ። ቀጥሎ የባሩን ጫፍ ከንጹሕ እንጨት 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው ቤንዚን ሲሰጡት የዘይት መስመር መታየት አለበት። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚላላ ሞተሩን አጥፍተው ደጋግመው ይወጥሩት። በሙቀቱ የተወጠረ ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርና ባሩን ስለሚያንቅ፣ ሥራ ሲያበቁ መልሰው ያላሉት።