ባሕር ዳርን በሁለት ቀን፦ እንግዶቼ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ወደደም ጠላም አስጎብኚ ነው። የአዲስ አበባ ዘመድ ይመጣል፣ የደብረ ማርቆስ አብሮ አደግ ይመጣል፣ የጓደኛ ጓደኛም ይመጣል። ብዙዎቹ የሚደውሉት መኪና ከተሳፈሩ በኋላ ነው። «ሁለት ቀን አለን፤ ፏፏቴውን፣ ገዳማቱን፣ ዓሣውን አንድ በአንድ አሳየን» ይላሉ። እንግዳ እወዳለሁ። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ ሲመላለስ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጢስ ዓባይን በበጋ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልጩህ። አንድ ሚያዝያ ላይ የአጎቴ ልጅ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ለልጆቹ በስልኩ ፎቶ አሳይቷቸዋል፤ ያንን ቡናማ ውሃ፣ ያንን ጭስ፣ ያንን ቀስተ ደመና። «አሁን እኮ ጊዜው አይደለም» አልኩት። «ዓባይ ይደርቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በጠራራ ፀሐይ አቀበቱን ወጥተን ስንደርስ የጠበቀን ጥቁር ገደል ነው። በአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ትንሿ ልጅ ገደሉን አየች፣ አባቷን አየች፣ «ፏፏቴው የታለ?» አለች። አባትየው ዞሮ እኔን አየኝ፤ እኔ የዘጋሁት ይመስል።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ውሃው እየተመጠነ ይለቀቃል። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ይወስዳል። በበጋ ለገደሉ የሚተርፈው እንግዲህ ልጅቷ ያየችው ነው። ክረምቱ ከጠገበ በኋላ ግን፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ያ 40 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ጭሱ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ያረጥባል። መንገዱ ያኔ ጭቃ ስለሆነ ነጭ ጫማ አታድርጉ።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምትመጡ፣ እባካችሁ ሰርዙት። ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ለማየት እንደምትሄዱ ለራሳችሁ ንገሩ። እሱ በጋ ከክረምት አይለወጥም።

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ መውጣት

ጠዋት ተኝቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሰባት ሰዓት ላይ «እስኪ ጀልባ እንያዝ» የሚል እንግዳ አለ። ጣና ጠዋት መስተዋት ነው። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ግን ማዕበል አለው፤ ትንሿ ጀልባ እንደ ቆቅ ትዘላለች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ላይ ተገኙ። የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ።

ዋጋውን የምትነጋገሩት በጀልባው ነው ወይስ በሰው? የትኞቹን ገዳማት ታያላችሁ? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ይህን ሁሉ መሬት ላይ ሳላችሁ ጨርሱ። ውሃ መሐል ላይ ድርድር የለም። ሙሉውን ሒሳብም ስትመለሱ ክፈሉ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል አትርሱ።

ሴቶች የማይገቡበትን ገዳም አለመጠየቅ

ይህን የሠራሁት እኔው ነኝ። አክስቴ ከቢቸና መጣች። ዕጣንና ጧፍ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ክብራን ገብርኤል ተስያለሁ» አለችኝ። እኔም እንደ አዋቂ ጀልባ ተከራየሁ። ደረስን። አባ ወጡና በትሕትና «እናቴ፣ ሴት ወደ ላይ አይወጣም» አሏት። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖሬ አላወቅኩም! አክስቴ ምንም አልተናገረችም። ዕጣኑን ለአባ ሰጠች፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጸለየች። ስንመለስ ግን ጀልባው ላይ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁን መልስ የለኝም።

ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ቀን ካጠረባችሁ እነሱ ይበቃሉ። ዑራ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች በችኮላ አትለፏቸው፤ ከግድግዳው ፊት ቆማችሁ አንዱን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ዘጌ እንደ ባህሉ አይታረስም። ባሕረ ገብ መሬቱን ጫካ ቡና የሸፈነው ለዚህ ነው ይላሉ፤ በረከቱንም የዘጌን ገዳም መሠረቱ ከሚባሉት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል። ቡናውን ከአምራቹ እጅ ጥሬውን ግዙ።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ደብረ ማርያም ገዳም ቅርብ ነው።

ዓሣን ማታ ማዘዝ

ዓሣ አጥማጁ ጠዋት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዓሣ የምሳ ነገር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀርብላችሁ የት እንደዋለ ማን ያውቃል? «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ከመመለሱ በፊት ፊቱን እዩ።

እንግዳ ሁሉ «ዓሣ» ብቻ ብሎ ያዛል። ቆሮሶ ሌላ፣ አምባዛ ሌላ፣ ነጭ ዓሣ ሌላ ነው። ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ በአዋዜና በሎሚ የሚያምረው ቆሮሶ ነው። አምባዛ ሥጋው ይወፍራል፣ አጥንቱም ያንሳል፤ ለጉላሽ ጥሩ ነው። ነጭ ዓሣ ጣፋጭ ነው፣ እሾሁ ግን መከራ ነው፤ ለሕፃን አትስጡ። አንድ ጓደኛዬ ጨዋታ እያወራ ዋጠና ማታውን ጤና ጣቢያ አደርን። እሱ ዛሬም ነጭ ዓሣ ሲያይ አንገቱን ይይዛል።

ሌላው፣ የጾም አቆጣጠር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ አያልቅም፤ የሚያበስል ቤትም የማያበስል ቤትም አለ። ጥሬ ሥጋና ጥብስ ተመኝታችሁ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ኑ፤ ያኔም ረቡዕና ዓርብን ዝለሉ፣ በሃምሳው ካልሆነ በቀር። በጾም ከመጣችሁም አትዘኑ። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ያልበላ ሰው ጎጃም ደርሻለሁ አይበል።

ጎንደርን መጨመር

አይሆንም። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻም አለው።

መንገዱን ከዕረፍቱ አለመቁጠር

ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ መሄጃው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን ይበላል። «ሦስት ቀን እረፍት አለን» ያላችሁኝ ሰዎች ያላችሁ አንድ ቀን ነው። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በየብስ የምትመጡ ከሆነ መንገዱ ሰላም መሆኑንና ከስንት ሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ እንደማይቻል በመነሻችሁ ዋዜማ ጠይቁ፤ የባለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም።

ከተማ ውስጥ ባጃጅ ስትይዙ «ኮንትራት ነው?» የሚለውን ሳትመልሱ አትግቡ። ዝም ካላችሁ ኮንትራት ሆናችሁ ማለት ነው።

ጣና ውስጥ አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ዳር ዳሩን ለፎቶ አትጠጉ።

አልጋ ሳይዙ መምጣት

ጥምቀት ሰሞንና የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞን አልጋ መርፌ ነው፤ ቢፈለግ አይገኝም። ወላጅ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ሁሉ ልጁን ሊያስመርቅ ይመጣል። ቀድማችሁ ያዙ። ስትይዙም ጨሌ የመሰለውን የሐይቅ ፎቶ ትታችሁ «አጎበር አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባሕር ዳር ትንኝም ወባም አለ፤ ከደጋ የሚመጡ ዘመዶቼ ጋቢ ደራርበው ይመጡና ሌሊቱን በሙቀትና በትንኝ ሲገላበጡ ያድራሉ።

አልጋ ከጠፋ እኔ ቤት ፍራሽ አይጠፋም። አጎበር ግን ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአክስቴ ነው።