በቨርጂኒያ የኢንስቴት የኮሌጅ ክፍያ ለማግኘት ነዋሪነትን እንዴት ማስረዳት ይቻላል

በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት ከነዋሪዎቹ በሚሰበስበው ግብር የራሱን የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚደግፍ፣ የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ከሌላ ስቴት ከመጣው ተማሪ እጅግ ያነሰ፣ ኢንስቴት የሚባለውን የነዋሪ ክፍያ ይከፍላል። በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2024 በጀመረው የትምህርት ዘመን ነዋሪውን ተማሪ በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር ሲያስከፍል፣ ነዋሪ ያልሆነውን ግን ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር፤ ልዩነቱ በአራት ዓመት ሲደመር ከ100 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ በማኅበረሰባችን ውስጥ ላሉ ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባቱን የሚወስን ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህን መብት ከሚያጡት ብዙዎቹ በእርግጥ የስቴቱ ነዋሪዎች መሆናቸው ነው፤ የሚያጡትም ኑሯቸውን የሚያስረዳ ወረቀት በጊዜው ስላላዘጋጁ ነው።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ቨርጂኒያን ዋና ምሳሌ አድርጌ፣ ጎረቤቶቿን ሜሪላንድንና ዋሽንግተን ዲሲን በመጨረሻ በአጭሩ እጠቅሳለሁ።

የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው ዶሚሳይል የሚባለውን ቋሚ መኖሪያ ነው። ይህም ሰው ላልተወሰነ ጊዜ ሊኖርበት አስቦ የተቀመጠበት፣ ለጊዜው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድም ተመልሶ የሚገባበት ቤት ማለት ሲሆን፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ዶሚሳይል ሊኖረው አይችልም። መኖሪያው ትምህርት ከሚጀመርበት የመጀመሪያ ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የጸና መሆን አለበት። በዋናነት ለመማር ብሎ በቨርጂኒያ መቀመጥ ብቻውን ነዋሪ አያደርግም። የሰው ሐሳብ በዓይን ስለማይታይ፣ ሕጉ ሐሳቡን የሚመዝነው በሥራው ነው፤ ግብር የከፈለው ለየትኛው ስቴት ነው፣ መንጃ ፈቃዱ የየት ነው፣ መኪናው የተመዘገበው የት ነው፣ የሚሠራው የት ነው፣ የሚተዳደረው በማን ገንዘብ ነው እያለ ይጠይቃል። ከእነዚህ ማስረጃዎች አንዱ ብቻውን ጉዳዩን አይቋጨውም፤ የሚታየው ሁሉም ተደምሮ የሚሰጠው ምስል ነው።

በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ቀኑን በትክክል መቁጠር ነው። ፎል የሚባለው የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚጀምረው በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት ውስጥ ስለሆነ፣ ልጁ በኦገስት 2027 የሚገባ ከሆነ የኪራይ ውሉ፣ መንጃ ፈቃዱና የመኪናው ምዝገባ በኦገስት 2026 የተጠናቀቁ መሆን አለባቸው። በኦክቶበር ከቴክሳሷ ዳላስ ወደ ቨርጂኒያዋ ውድብሪጅ የመጣ ቤተሰብ በሚቀጥለው ኦገስት ዓመቱ አይሞላለትም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ አይገባውም፤ ዓመቱ ከሞላ በኋላ በጃንዋሪ ለሚጀምረው ሴሚስተር፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ደረጃው እንዲለወጥ ማመልከት ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ነዋሪ ያልሆነ ተብሎ የተመዘገበ ተማሪ ወደ ቨርጂኒያ የመጣው ለትምህርት ብሎ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ ይህን ግምት ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማፍረስ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ወላጆች ለምን እንደመጡ የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠብቆ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የሚነሳው የማን መኖሪያ እንደሚታይ ነው። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ ተማሪ በወላጆቹ እንደሚረዳ ስለሚገመት፣ የሚመረመረው የወላጆቹ መኖሪያ ነው። ያገባ፣ የራሱ ልጅ ወይም ሌላ ጥገኛ ያለው፣ በውትድርና ያገለገለ ወይም የሚያገለግል፣ ለድኅረ ምረቃ የሚማር ተማሪ ግን ከዚህ ግምት ይወጣል፤ ራሱን በራሱ እንደሚያስተዳድር በግልጽ ማስረዳት የሚችልም እንዲሁ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር የታክስ ጉዳይ ነው። ልጁ «ራሴን ችያለሁ» ብሎ ሲያመለክት፣ በሌላ ስቴት የሚኖረው አባቱ በዚያው ዓመት ታክስ ሲሞላ ልጁን ዲፔንደንት፣ ማለትም በእርሱ የሚተዳደር ጥገኛ፣ አድርጎ ካስመዘገበው ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉ፤ ማመልከቻውም ሊወድቅ ይችላል። ማንም ታክስ ከመሙላቱ በፊት ቤተሰቡ ተነጋግሮ አንድ ሐሳብ ላይ መድረስ ይኖርበታል።

ወላጆቹ አዲስ አበባ ሆነው አክስቱ ወይም አጎቱ ቤት የሚኖር ልጅ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። በእኛ ባህል አክስት እናት ናት፤ በኮሌጁ ቢሮ ዘንድ ግን የአክስት ነዋሪነት ብቻውን ለልጁ አይተላለፍም። በፍርድ ቤት የተሰጠ የሞግዚትነት ውሳኔ ይረዳል፤ ሆኖም ሞግዚትነቱ የተቋቋመው በዋናነት ልጁ የነዋሪ ክፍያ እንዲያገኝ ተብሎ መሆኑን የሚያመለክት ነገር ካለ ተቀባይነት አይኖረውም። ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ ቨርጂኒያ በ2020 ያወጣችው ሌላ መንገድ አለ፤ በስቴቱ ሃይስኩል ቢያንስ ሁለት ዓመት ተምሮ የተመረቀና እርሱ ወይም ኃላፊነቱን የወሰደው ሰው ለሁለት ዓመት የቨርጂኒያ ታክስ ያስገባ ተማሪ የኢሚግሬሽን ሁኔታው ሳይታይ በነዋሪ ዋጋ እንዲማር ይፈቅዳል። እንዲህ ያሉት ሕጎች ግን በየስቴቱ በፍርድ ቤት እየተፈተኑ ናቸው። ቴክሳስ በ2001 ያወጣችው ተመሳሳይ ሕግ በጁን 2025 በፌደራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀርቷል። ስለሆነም በዚህ መንገድ ከማመልከት በፊት በዚያ ሴሚስተር እየተሠራበት መሆኑን ከኮሌጁ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ዶሚሳይል መመሥረት ይችላል። በዲቪ የመጣ ቤተሰብም እንደደረሰ መቁጠር መጀመር ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን ወደ አገሩ እንደሚመለስ ቃል ገብቶ የመጣ ስለሆነ ላልተወሰነ ጊዜ እኖራለሁ ሊል አይችልም። በዓለም ባንክና በዓለም የገንዘብ ድርጅት ለሚሠሩ፣ ጂ ፎር ቪዛ ላላቸው ወገኖቻችን ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1982 ውሳኔ ጠቃሚ ነው፤ ጉዳዩ የተነሳው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ስቴቱ የእነዚህን ሠራተኞች ልጆች በቪዛቸው ምክንያት ብቻ የነዋሪ ክፍያ ሊከለክላቸው እንደማይችል ወስኗል።

ወረቀቱን ማሰባሰብ

አዲስ የመጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። የኪራይ ውሉ፣ የመብራቱም የኢንተርኔቱም ሒሳብ በዘመዱ ስም ይሆናል፤ ድርሻው በእጅ ገንዘብ ይከፈላል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቤተሰቡ በዚያ ቤት መኖሩን የሚያሳይ አንድም ወረቀት አይገኝም። የዘመዶቼን ልጆች ቅጽ ሳስሞላ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ይህ ነበር። መፍትሔው ቀደም ብሎ ቢታሰብበት ቀላል ነው። የቤቱ አከራይ ቤተሰቡን በውሉ ላይ እንደ ነዋሪ እንዲጨምር ይጠየቅ፤ ይህ ካልሆነ ከዘመዱ ጋር አጭር የጽሑፍ ውል ይፈረም። ድርሻውም በቼክ ወይም ዜል በሚባለው የባንክ መላኪያ ይከፈል፤ የባንኩ መዝገብ ራሱ ምስክር ይሆናል። ዘመዱ ደግሞ ቤተሰቡ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ይኖራል የሚል፣ በኖተሪ ፊት የተፈረመ ደብዳቤ ከራሱ የኪራይ ውል ግልባጭ ጋር ይስጥ። የባንክ፣ የስልክና የሐኪም ቤት ደብዳቤዎች ወደዚያው አድራሻ ይምጡ።

ታክስ ከማስረጃዎች ሁሉ ከባድ ሚዛን አለው። ዓመቱን ሙሉ በቨርጂኒያ የኖረ ሰው የስቴቱን የገቢ ግብር ቅጽ 760ን፣ በዓመቱ መካከል የገባ ሰው ደግሞ 760 ፒዋይን ይሞላል። በአካባቢያችን ብዙ ሰው ቨርጂኒያ እያደረ በዲሲ ወይም በሜሪላንድ ይሠራል። በእነዚህ አካባቢዎች መካከል ባለው ስምምነት መሠረት የደመወዝ ግብር የሚከፈለው ለሚኖሩበት እንጂ ለሚሠሩበት ስቴት አይደለም። አሠሪው ግን ይህን የሚያውቀው ሠራተኛው ሲያሳውቀው ነው፤ ካልተነገረው ለሜሪላንድ ሲቆርጥ ይከርማል፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣው ደብሊው ቱ የሚባለው የደመወዝና የግብር መግለጫም ሠራተኛውን የሜሪላንድ ሰው ያስመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት እንደመጣ የተቆረጠው ለየትኛው ስቴት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው።

መኪናን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ኢንሹራንስ ይረክሳል ተብሎ መኪናን በሌላ ስቴት በሚኖር ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ በመካከላችን የተለመደ ነው። በወር የሚቆጥበው ጥቂት ዶላር የልጅን የኮሌጅ ክፍያ ሊያሳጣ ይችላል፤ ኢንሹራንሱም አደጋ በደረሰ ጊዜ ሊያወዛግብ ይችላል። ወደ ቨርጂኒያ የገባ ሰው መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ይህ የስቴቱ ግዴታ ሲሆን ለነዋሪነት ማስረጃውም መነሻ ቀን ይሆናል።

የመራጭነት ምዝገባም ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ይህ ለዜጎች ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነዋሪነቴን ያጠናክርልኛል ብሎ፣ ወይም ዲኤምቪ ወደሚባለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሲሄድ ጥያቄውን ሳያነብ «አዎ» ብሎ ከተመዘገበ፣ ዜግነት እስከ መከልከልና ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ይህን ባዶ ቢተወው በነዋሪነት ማመልከቻው አይጎዳም።

ስለ ስማችንም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጅቱ ሐና ተስፋዬ፣ አባቷ ተስፋዬ በቀለ፣ እናቷ አልማዝ ወልዴ ቢሆኑ፣ ለእኛ ግልጽ የሆነው ዝምድና ለአሜሪካዊው ሠራተኛ ሦስት የማይገናኙ ሰዎች ሆኖ ይታየዋል። የወላጆቹ ታክስና የኪራይ ውል የልጅቱ ማስረጃ እንዲሆን፣ ወላጅነታቸውን የሚያሳይ የተተረጎመ የልደት ምስክር ወረቀት አብሮ መያያዝ አለበት። ተርጓሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን በትክክል ወደ ፈረንጆቹ መመለሱንና የስሞቹ የፊደል አጻጻፍ ከግሪን ካርዱ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ቅጹ ሲሞላ በላዩ የሚጻፉት ቀኖች ከወረቀቶቹ ጋር መግጠም አለባቸው። ቤቱ የተያዘው በሴፕቴምበር ከሆነ ዓመት ለመሙላት ተብሎ ኦገስት ተብሎ መጻፍ የለበትም። እያወቀ የተሳሳተ መረጃ የሰጠ ተማሪ የተማረባቸውን ሴሚስተሮች ሁሉ ነዋሪ ባልሆነ ሰው ዋጋ እንዲከፍል ይደረጋል፤ ከትምህርት ቤቱም ሊሰናበት ይችላል።

ሜሪላንድና ዲሲ

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከታታይ 12 ወር ይጠይቃሉ፤ ጥያቄዎቻቸው ግን ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ በስቴቱ ቤት ይዞ ያለማቋረጥ መኖርን፣ ገቢ ከየትም ቢገኝ ግብሩን ለሜሪላንድ መክፈልን፣ አብዛኛውን ንብረት በዚያ ማድረግን አንድ በአንድ ያያሉ። የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጡ የአካባቢ ኮሌጆች) 3 ወር የኖረን ሰው በነዋሪነት ስለሚቀበሉ፣ ዓመቱ ያልሞላለት ተማሪ በዚያ ቢጀምር ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። ዲሲ እንደ ስቴቶቹ የተለያዩ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሌሏት፣ ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ ዲሲ ታግ የሚባለው እርዳታ ተቋቁሟል፤ በሌሎች ስቴቶች የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማር የዲሲ ነዋሪ በነዋሪና ነዋሪ ባልሆነ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት በዓመት እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ እንዲሸፍን የተደረገ ነው። ከ30 ቀን በላይ በመደበኛ የጦር አገልግሎት ላይ ያለ ሰው፣ የትዳር ጓደኛውና ጥገኛ ልጆቹ ደግሞ በ2008 በወጣው የፌደራል ሕግ መሠረት በተመደበበት ስቴት የነዋሪውን ዋጋ ይከፍላሉ።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ

በቨርጂኒያ እያንዳንዱ የሕዝብ ኮሌጅ የይግባኝ ሥርዓት እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። ይግባኙ የሚጻፈው በቁጣ ሳይሆን በወረቀት ነው፤ ቢሮው የጎደለ ነው ያለውን ጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰነድ አያይዞ፣ ቤተሰቡ መቼና ለምን እንደመጣ በቀን ተራ የሚተርክ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ይበቃል። ከኮሌጁ የመጨረሻ ውሳኔ በኋላ ኮሌጁ ባለበት አካባቢ ለሚገኘው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም፤ የሚያየው ለኮሌጁ የቀረበውን መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ያላችሁ ማስረጃ ሁሉ ገና በኮሌጁ ይግባኝ ላይ ሳለ መግባት አለበት። አቤቱታው የጽሑፍ ውሳኔው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን በፖስታው ላይ ጽፋችሁ ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር አስቀምጡት።