ጣዝማ ማር ለሳልና ለጉሮሮ፦ አመራረጡና አወሳሰዱ

ሾላ ገበያ ማር እሸጣለሁ። ክረምት ሲገባ የደንበኛው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጣዝማ አለሽ? ልጄን ቶንሲል ይዞታል።»

ጣዝማ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት፤ መሬት ውስጥ ትኖራለች። እንደ ቀፎ ንብ እንጀራ አትሠራም። ማሯን በትንንሽ የሰም ከረጢቶች ታጠራቅማለች፤ አጠገባቸው የአበባ ዱቄት የያዙ ሌሎች ከረጢቶች አሉ። ቆፋሪው ሁሉንም ባንድ ላይ ጨምቆ ካመጣው ማሩ ይደፈርሳል፣ አፈር ይገባበታል፣ ቶሎ ይቦካል። ስትገዙ «ተለይቶ ነው የወጣው ወይስ ተጨምቆ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ ጉድጓድ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ፣ በባልዲ ሞልቶ በርካሽ የሚቸረቸር ጣዝማ ካያችሁ ጠርጥሩ።

«ቀጥኗል፣ ውሃ ጨምረሽበታል» የሚሉኝም አሉ። ጣዝማ ተፈጥሮው ነው፤ የውሃ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ25 በመቶ ይበልጣል፣ ጣዕሙም ኮምጠጥ ይላል። ክብሪት መለኮስ፣ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ የሚባለው ፈተና እዚህ አይሠራም። እኔ ራሴ የምተማመነው በማውቀው ቆፋሪ ነው። ቤት ሲገባ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲቦካ ስለሚገፋ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት።

ለሳል፣ ለልጅ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊተኛ ሲል ይላስ። ጉሮሮውን እንዲያለሰልስለት ወዲያው ውሃ አታጠጡት። አዋቂ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ ሊቀላቅልበት ይችላል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ ሲያዳክሙ ታይቷል፤ የሳህን ሙከራ ግን የሰው ጉሮሮ አይደለም። በሻይ የምትወስዱ፣ ሻዩ ለብ እስኪል ጠብቁ። ጀርም የሚያጠቃው ኢንዛይም በፈላ ነገር ይሞታል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጠብታም አይሰጥም፤ ከንፈሩን ማስነካትም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያመነጫል፤ ቦቱሊዝም የሚሉት ነው። ስኳር ያለበት ሰውም «መድኃኒት ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ። ለቁስል ሲጠይቁኝ አልሸጥም፤ ሐኪም ቤት ለቁስል የሚውለው ማር በጋማ ጨረር ጀርሙ የጠፋ ነው፣ የኔው ከአፈር የወጣ።

ቶንሲልን በተመለከተ፣ ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ሳል ሳይኖረው መዋጥ ካቃተው፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ ማሩን አስቀምጣችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ አይታሰብ። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች፣ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ ወደ ሩማቲክ ትኩሳት ዞሮ የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ጣዝማ አያቆመውም፤ ፔኒሲሊን ያቆመዋል። ክኒን ከታዘዘለት ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ማታ ማታ ጣዝማውን ቢልስበት ክልከላ የለውም።