የሚያቀላ ክሬም ከመቀባታችሁ በፊት

ሰርግ ሲቃረብ ወይም ከእርግዝና ጋር ማዲያት ብቅ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ኮስሞቲክስ ሱቅ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክም «በሳምንት ውስጥ ፍክት» እያለ የሚሸጥ ሞልቷል። ልትገዙ ካሰባችሁ ወይም ቀድማችሁ ከጀመራችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ።

በቅድሚያ ለምን እንደፈለጋችሁት ለዩ። ማዲያት ወይም ብጉር ጥሎት የሄደ ጥቁር ምልክት ከሆነ ሕክምና አለው። መላ ሰውነትን ማቅላት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ወይም ጠይም መሆን በሽታ አይደለም፣ ለእሱ ሲባል ኩላሊትን አደጋ ላይ መጣል በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ዕቃውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊት የተጻፈው ማስታወቂያ ነው፣ እውነቱ ያለው በትንንሽ ፊደል በተጻፈው ዝርዝር ውስጥ ነው። «ሜርኩሪ»፣ «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካያችሁ መልሱት። ወርቅ፣ ብር ወይም አሉሚኒየም እንዳይነካው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ካለበትም ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ወደ ጽንስም ያልፋል። ሳሙና ውስጥም ይገባል። ደግሞ ጉዳቱ በተቀባው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፤ በፎጣው፣ በትራሱ፣ በእጅ ንክኪና በሚተነው አየር ቤት ውስጥ ያሉ ልጆችንም ይደርሳቸዋል።

ከዝርዝሩ ሁለተኛው የምትፈልጉት ሃይድሮኪኖን ነው፣ የቆዳን ቀለም የሚቀንስ መድኃኒት። ሐኪም ለማዲያት ሊያዘው ይችላል፣ ግን ለተወሰኑ ወራት እና በክትትል። አሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አድርጋለች፣ በአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ለማቅላት በሚሸጥ መዋቢያ ውስጥ ክልክል ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል። ክፋቱ፣ ሰው ይህን ሲያይ ማዲያቱ የባሰ መስሎት ይበልጥ ይቀባዋል። ያ ጥቁረት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ስቴሮይድ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ በጣም ያምራል። ዝርዝሩ ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ካያችሁ ስቴሮይድ ነው፤ ለችፌና ለመሳሰሉት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ሲቀቡ ብጉሩ ይጠፋል፣ ቆዳው ይጠራል፣ ሰውም «ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይላል። እየቆየ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉሩ ተመልሶ ይፈላል፣ ጭንና ብብት ላይ የማይጠፋ ሸንተረር ይወጣል፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ግላኮማ (እይታን የሚጎዳ የዓይን በሽታ) ሊያመጣ ይችላል። ለማቆም ሲሞከር ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል። ስለዚህ ለወራት የተቀባችሁ፣ በተለይ ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ፣ በአንድ ቀን አትጣሉት፤ እንዴት እየቀነሳችሁ እንደምታቆሙ ሐኪም ይንገራችሁ። ሜርኩሪ ያለበትን ግን ወዲያው አቁሙ።

ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ በባዶ ዕቃ የሚሸጠውን በፍጹም አትንኩ። ሻጯ ዘመድ ብትሆን እንኳ። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ጉዳት ቢደርስባችሁም ሐኪሙ የሚያነበው ዝርዝር የለም። ለማቅላት ተብሎ የሚወጋ የግሉታቲዮን መርፌም እንደዚያው ይቅርባችሁ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ዓላማ የፈቀደው አንድም መርፌ የለም።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የምታጠቡ፣ ማንኛውንም የሚያቀላ ነገር ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። የእርግዝና ማዲያት ከወሊድ በኋላ በራሱ የሚደበዝዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን አዲስ ክሬምም ቢሆን መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

ገንዘባችሁን በቅድሚያ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ላይ አውሉት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋ ደመና ባለበት ቀን እንኳ ቆዳ ታጠቁራለች። ኤስፒኤፍ (SPF፣ ዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ጠዋት ተቀቡ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ለማዲያት የቆዳ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላል፣ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላልና። ባርኔጣና ጃንጥላም ጨምሩበት። ያለዚህ ማዲያት ቢለቅ እንኳ ይመለሳል።

የቆዳ ሐኪም ጋ ለመሄድ አትፈሩ። አዲስ አበባ ያለውን አለርት ሆስፒታልን የሥጋ ደዌ ብቻ ማከሚያ የሚያደርገው ሰው አሁንም አለ፣ ግን ማንኛውንም የቆዳ ችግር ያያሉ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ያለቀውን ዕቃ ሳይቀር፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ለስንት ጊዜ እንደተቀባችሁና የት የት እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩት፣ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ነው።